ዲን ነው የጠፋው ወይስ ዲን መሆን የሚፈልግ?

እትዬን ጠይቁ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። የሕግ ትምህርት ቤት ዲን ስለ መምረጥ። ሁለቱ ከአገር ቤት፣ አንዱ ከሜሪላንድ። ሕግ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝና ለሌላ ጊዜ ላቆየው አልሆነልኝም። የጸሐፊዎቹንም የትምህርት ቤቶቹንም ስም ትቼዋለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ታገሱኝ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነኝ። ዲናችን የሥራ ዘመኑን ሲጨርስ ወደ ጥብቅና ሄደ። አዲስ ዲን የሚያስመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመና እኔም ገባሁበት። ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ አወጣን። በመጀመሪያው ማንም አልተመዘገበም። በሁለተኛው ሁለት ሰዎች ብቻ መጡ። አንዱ ገና ሁለተኛ ዲግሪውን ይዞ የተመለሰ ልጅ ነው። ሌላው ክፍል እንደማይገባ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ጎበዞቹን ስንለምናቸው "እኔ? ምን በወጣኝ!" ይላሉ። የማወዳደሪያ ነጥቡ ለስትራቴጂክ ዕቅድ 40፣ ለትምህርት ደረጃና ማዕረግ 25፣ ለአገልግሎት 20፣ ለመምህራን ድምፅ 15 ነው። ከዚያ ሦስት ዕጩ ለፕሬዚዳንቱ እናቀርባለን። ባለፈው ጊዜ አንደኛ የወጣው ቀርቶ ሦስተኛው ተሾመ ይባላል። በዚያ ላይ "የአካባቢው ተወላጅ ካልሆነ አይሆንም" የሚል ሹክሹክታ አለ። እትዬ፣ ዲን ከየት እናምጣ? ማስታወቂያውንስ እንዴት ብናሻሽለው ይሻላል?
አስመራጩ፣ ከደቡብ

መልስ፦ ልጄ፣ ማስታወቂያውን ለጊዜው ተወው። ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሰው ያላመጣ ማስታወቂያ፣ ሦስተኛ ጊዜ አሳምራችሁ ብትጽፉትም ያው ነው። ጎበዞቹ ሳያዩት ቀርተው አይደለም። አይተውታል። ወንበሩንም ያውቁታል፤ ሌላ ሰው ሲቀመጥበትና ሲነሣበት ለዓመታት ሲመለከቱ ኖረዋል።

እስቲ የሕግ ዲን ጠዋት ቢሮው ሲገባ ምን እንደሚጠብቀው አስበው። ፈተና ሊጀመር ሦስት ቀን ቀርቶታል፣ የፎቶ ኮፒው ቶነር አልቋል። ግዥ ክፍል "በጥቅል ነው የሚገዛው፣ ጠብቁ" ብሏል። አንድ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ለምን ሲ ፕላስ ተሰጠኝ ብሎ ቅሬታ አስገብቷል። የሕግ ተማሪ ቅሬታ ደግሞ ታውቀዋለህ። የይግባኝ ማመልከቻ ነው የሚመስለው፤ ፍሬ ነገር አለው፣ ክርክር አለው፣ መጨረሻው ላይ "የሚጠየቀው ዳኝነት" ሁሉ አለው። የኤክስቴንሽን መምህራን የባለፈው ሴሚስተር ክፍያ ካልገባ አናስተምርም ብለዋል። የነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉ ባለሙያ ኮንትራት አልቋል። ወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚያስጽፉ እናቶች ግን ዛሬም ተሰልፈዋል። ለምስለ ችሎት ውድድር የሚሄዱት ተማሪዎች አበል ፋይናንስ ተኝቷል። ከሰዓት ሴኔት አለ። ማታ ደግሞ የራሱ ክፍል።

ከዚህ ሁሉ በራሱ ፊርማ የሚጨርሰው ምናልባት የተማሪውን ቅሬታ ነው። ሌላው "ለሚመለከተው ክፍል" ተብሎ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ወቀሳው ግን የእሱ ነው። የመውጫ ፈተና ውጤት ሲወጣ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ የሚያስረዳው ግዥ ክፍል አይደለም። የሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የመውጫ ፈተናን በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም ትምህርት ክፍሎች ከመጣሉ ከዓመታት በፊት ነው የለመዱት። ስለዚህ ይህ ጭንቀት ለሕግ ዲን አዲስ አይደለም።

ጎበዝ የሕግ መምህር ደግሞ ሌላ በር አለው። የፊዚክስ መምህር ግቢውን ለቅቆ የት ይሄዳል? የሕጉ ግን ጥብቅና አለው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ከፈቀደ ወዲህ በሩ ይበልጥ ሰፋ። ዲናችሁም የሄደው በዚያው በር ነው። እሱን አልፈርድበትም። የዲንነት አበሉን አውቀዋለሁና።

ስለዚህ ኮሚቴያችሁ ከሦስተኛው ማስታወቂያ በፊት ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ይግባ። "ሰው አጣን" ብላችሁ አትሂዱ። "ለሚመጣው ሰው ምን ይሰጡልናል?" ብላችሁ ሂዱ። ቶነርና ወረቀት ያለ ደብዳቤ ጋጋታ የሚገዛበት አነስተኛ ገንዘብ በእሱ ፊርማ ይውጣ። አዲስ መምህር ሲቀጠር፣ የትርፍ ሰዓት መምህር ሲመደብ፣ የእሱ ቃል ይሰማ። የማስተማር ጫናው ወደ አንድ ኮርስ ይውረድ። ሲጨርስ ደግሞ ለምርምር የሚሆን ፋታ ይሰጠው፤ ዲን ሆኖ የቆየ ሰው ጽሑፍ ሳያሳትም ጓደኞቹ በማዕረግ ጥለውት ይሄዳሉ። ይህ በደብዳቤ ይጻፍላችሁ። ደብዳቤው ከማስታወቂያው ጋር ይለጠፍ። ያኔ "ምን በወጣኝ" ያሉት ሰዎች ቆም ብለው ሲያነቡት ታያላችሁ። ፕሬዚዳንቱ አንዱንም አልሰጥም ካሉ ቢያንስ ሰው ለምን እንደጠፋ አወቃችሁ።

ሥልጣንና ማዕረግ ስል ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ አንድ ታሪክ አለ። ዋሽንግተን ያላችሁ አንባቢዎች ዩ ስትሪትን ታውቁታላችሁ፤ የእኛ ሰው ምግብ ቤት የሞላበት ሰፈር ነው። ከዚያ በእግር የሚደረስበት የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አለ። የሕግ ትምህርት ቤቱ የተመሠረተው በ1869 እ.ኤ.አ. ነው፤ የጥቁሮች ትምህርት ቤት። በ1920ዎቹ ግን በአብዛኛው የማታ ትምህርት ቤት ነበር። በ1929 የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሞርዴካይ ጆንሰን ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን የተባለ፣ ከሃርቫርድ የተመረቀ ጥቁር ጠበቃ ሾሙ። የሰጡት ማዕረግ ምክትል ዲን ነው። ዲን የሚለው ስም ሌላ ሰው ላይ ነበር። ሥራውን ግን ለሂውስተን አስረከቡት።

ሂውስተን የማታውን ትምህርት ዘጋ። የቀድሞ ተማሪዎች ተቆጡ፤ ቢቆጡም አይፈረድባቸውም፣ ብዙዎቹ ቀን ሠርተው ማታ ተምረው ነው ጠበቃ የሆኑት። ሰውየው አልተመለሰም። ፕሬዚዳንቱም ከጎኑ አልሸሹም። በ1931 ትምህርት ቤቱ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበርን ዕውቅና አገኘ። በ1933 ከተመረቁት አንዱ ተርጉድ ማርሻል ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ተማሪን መለየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የተባለበትን የ1954ቱን ክርክር የመራው፣ በኋላም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ የሆነው ሰው። ማዕረጉ ምክትል፣ ሥልጣኑ ሙሉ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሽ ነው።

የእኛም የመጀመሪያው ዲን እንዲሁ ሥራው ተለይቶ ነው የተሰጣቸው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1963 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ጄምስ ፖል የተባሉ አሜሪካዊ መጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉና የንግድ ሕጉ ከወጡ ገና ሦስት ዓመታቸው ነበር። ማስተማሪያ መጽሐፍ የለም። ግን ምን እንዲሠሩ እንደተፈለገ ግልጽ ነው፤ የፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብም ነበር። የኢትዮጵያ ሕግ ጆርናል በዓመቱ መታተም ጀመረ።

አሁን ወደ ነጥባችሁ ልምጣ። ለስትራቴጂክ ዕቅድ 40! ልጄ፣ እሱን እኮ አሁን ስልክ ይጽፈዋል። እኔ ያየኋቸውን ዕቅዶች ስም ሸፍነህ ብትሰጠኝ የማን የማን እንደሆነ አልለይም። ሁሉም ላይ ራዕይ አለ፣ ተልዕኮ አለ፣ እሴት አለ። ሁሉም "በ2022 ዓ.ም. በአፍሪካ ከቀዳሚዎቹ 10 የሕግ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሆኖ ማየት" ይላል። አሥሩ ቦታ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ብቻ አይበቃም። ዕቅዱ ይቅር አልልም፤ ወደ 15 አውርዱት። የቀረውን ነጥብ ሰውየው በእጁ ለሠራው ነገር ስጡት።

ከሁሉ በፊት ያወጣቸውን ሁለት የፈተና ወረቀቶች ከነመልሳቸው ጠይቁት። ይህ የእኔ የቆየ ዘዴ ነው፤ ብዙዎች ይስቁብኛል። የመምህር ፈተና ግን ምስጢሩን ያወጣል። "ውል ምን ማለት ነው? የውል አስፈላጊ ነገሮችን ዘርዝር" የሚል ፈተና ካያችሁ፣ ሰውየው የፍትሐ ብሔር ሕጉን አንቀጽ 1678 አስቀድቶ ነው የሚያርመው። በአምስት ዓመት ውስጥ ተማሪ በዚህ ዓይነት ፈተና ከተመላለሰ የመውጫ ፈተናው ላይ ለምን እንደሚወድቅ መጠየቅም አያስፈልግ። ሌላው መምህር ደግሞ እንዲህ ይጠይቃል። ከበደ አይሱዙውን ለአልማዝ ሊሸጥ ተስማማ፣ 100,000 ብር ቀብድ ተቀበለ፣ በማግስቱ የተሻለ ዋጋ ላቀረበ ለሌላ ሰው ሸጠው። አልማዝ ቢሮህ መጥታለች፤ ምን ትመክራታለህ? (የሕግ ፈተና ላይ ከበደ የማይሸጠው ነገር የለም።) እዚህ ጋ ተማሪው ቀብድ ተቀባይ ሲያፈርስ እጥፉን እንደሚመልስ፣ አንቀጽ 1885ን፣ ማግኘት አለበት። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ የጉዳት ኪሣራ መጠየቅ ትችል እንደሆን ማሰብ አለበት። እንዲህ የሚጠይቅ ሰው የሌሎችን ፈተናም አንብቦ "ይህ አይሆንም፣ እንደገና አውጡ" ማለት ይችላል። የሕግ ዲን ከባዱ ሥራ ይሄ ነው፤ የባልደረባን ፈተና መመለስ።

ከዚያ ቃለ መጠይቅ አድርጉ። "ድክመትህ ምንድን ነው?" የሚለውን ተዉት፤ ሁሉም "ሥራ አበዛለሁ" ይላል። የእናንተን ግቢ ጣጣ አቅርቡለት። አንድ ጥሩ መምህር በየሳምንቱ የፍርድ ቤት ቀጠሮ እያለ ክፍል ይቀራል፤ ተማሪዎች ይወዱታል፣ ከተማው ውስጥም ስም አለው። ምን ታደርጋለህ? "አባርረዋለሁ" የሚል ሰው ማባረር በእሱ እጅ እንዳልሆነ አያውቅም። "አነጋግረዋለሁ" ብሎ የሚያቆምም ምንም አያደርግም። ክፍለ ጊዜውን ቀጠሮ በማይበዛበት ሰዓት አዛውራለሁ፣ የቀረበትን በቅዳሜ አስተካክላለሁ፣ ሦስተኛ ጊዜ ሲቀር በጽሑፍ አስጠነቅቃለሁ የሚል ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙት።

የድጋፍ ደብዳቤም አታምኑ። በድጋፍ ደብዳቤ ሁሉም ሰው ታታሪና ተግባቢ ነው። ስልክ ደውሉ። ቀድሞ የሠራበት ትምህርት ክፍል ጸሐፊዋን አነጋግሩ፤ ሬጅስትራር ያሉትን ጠይቁ። ውጤት በሰዓቱ ያስገባ ነበር ወይ? ይህን አንዲት ጥያቄ ብቻ። የሚመጣው መልስ ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ይበልጣል።

ፕሬዚዳንቱ ሦስተኛውን ሾሙ ስለተባለው። እውነት ይሁን ወሬ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ችግሩም እሱ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ሰፊ ወሬ የሆነ ነገር ተፈጽሞ ነበር። ኧርቫይን ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ አዲስ የሕግ ትምህርት ቤት ሊከፍት ነበርና ኧርዊን ቼመሪንስኪ የተባሉትን የሕገ መንግሥት ምሁር መሥራች ዲን አድርጎ መረጠ። ሰውየው ሥራውን ተቀበሉ። ብዙም ሳይቆይ ቻንስለሩ ሐሳባቸውን ለወጡና ሹመቱን አነሡ። በፖለቲካ አቋማቸው ብዙ ያነጋግራሉ ተብሎ። ታዲያ የጮኹት ወዳጆቻቸው ብቻ አልነበሩም፤ በአቋም የማይገጥሟቸው ወግ አጥባቂ የሕግ ሰዎችም ጮኹ። ቻንስለሩ ራሳቸው ሰውየው ወዳሉበት ወደ ሰሜን ካሮላይና በረሩና ተነጋገሩ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ሹመቱ ተመለሰ። ትምህርት ቤቱ በ2009 ተከፈተ።

ያንን ውሳኔ ያስቀለበሰው ሁሉም ሰው ማን እንደተመረጠና ማን እንዳነሣው ማወቁ ነው። አሜሪካኖቹ ለዚህ ደንብም አላቸው። የጠበቆች ማኅበሩ የሕግ ትምህርት ቤቶችን ዕውቅና የሚሰጥበት መስፈርት ቁጥር 203 በዲን ፍለጋው መምህራን እንዲካፈሉ ያስገድዳል። አብዛኛው መምህር በግልጽ የተቃወመው ሰው ያለ በቂ ምክንያት ዲን እንዳይሆንም ይላል። እናንተ ጋ ያለው የዩኒቨርሲቲያችሁ የሴኔት ሌጂስሌሽን፣ ማለትም የውስጥ መተዳደሪያ ደንቡ ነው። አውጣውና አንብበው። የሕግ መምህር ሆኖ የራሱን ግቢ ሌጂስሌሽን ያላነበበ ስንት ሰው አለ መሰለህ! ሦስት ዕጩ ማቅረብ ይላል ወይስ በደረጃ ማቅረብ? ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከዚያ ቃለ ጉባኤያችሁ ላይ ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ጻፉ፤ አንደኛው ለምን አንደኛ ሆነ። መሸኛ ደብዳቤው ላይ ደግሞ በትሕትና "ከደረጃው ውጭ የሚወሰን ከሆነ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልን" በሉ። ግልባጭ ለመምህራን። ሥልጣናቸውን አልነካችሁም። ግን የሹክሹክታ ቀዳዳው ጠበበ።

ስለ ተወላጅነቱ ሹክሹክታ። ይሄን ነገር ስሰማ ደሜ ይፈላል። ክፍል ውስጥ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 አስተምረን፣ ሁሉም ሰው በሕግ ፊት እኩል ነው ብለን፣ ኮሪደር ላይ ወጥተን የሰው አያት የት ተወለደ እንላለን። በጉዳዩ ውስጥ አንድ እውነተኛ ነገር ግን አለ፤ እሱን ለይታችሁ ያዙት። የሕግ ድጋፍ ማዕከላችሁ የሚሠራው በወረዳ ፍርድ ቤቶች ነው። ዲኑ ከዳኞቹ ጋር መነጋገር፣ የክልሉን አዋጅ በሥራ ቋንቋው ማንበብ አለበት። እንግዲያው "የክልሉን የሥራ ቋንቋ አንብቦ መሥራት የሚችል ተመራጭ ነው" ብላችሁ ጻፉት። ይህ ችሎታ ነው፤ ሰው ይማረዋል። ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገው የአካባቢው ልጅ ደግሞ ላይችለው ይችላል።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ሰው ማምጣት ከፈለጋችሁ መጀመሪያ የቤት ነገር ጨርሱ። ባልና ሚስት መምህራን ከሆኑ የሁለቱም ዝውውር ይታሰብ። ቤት የሌለው ዲን አርብ ከሰዓት ሻንጣ ይዞ ከመናኸሪያ የማይጠፋ ዲን ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእርስዎ እትዬ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ ሕግ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመት ናት። ዲናቸው ሊለቁ ነውና አዲስ በሚፈልገው ኮሚቴ ውስጥ ተማሪዎችን ወክላ ገብታለች። እኔ የሚታየኝ ብድሩ ነው። በዚህ ጊዜ ማጥናት ነበረባት። ማንም ዲን ቢሆን ለእሷ ምን ይለውጥላታል? ሲመጣ እኮ እሷ ልትመረቅ ነው። የገረመኝ ደግሞ ማን እንደተወዳደረ ለእኔ ለእናቷ እንኳን አትናገርም። ውጪ ልበላት?
የአንድ ልጅ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ተያት። ስለማትነግርሽም አትቀየሚ፤ አደራ አለባት። ለዲንነት የሚወዳደሩት ብዙዎቹ ሌላ ቦታ በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ሌላ ቦታ ዲን ሊሆን ይችላል። ስሙ ቀድሞ ከወጣ እዚያ ያለው አለቃው ይሰማል፣ ሰውየውም ራሱን ያወጣል። አንቺ ደግሞ ለቡና ጎረቤት ሳትነግሪ አታድሪም። እኔም ብሆን።

ዲኑ ምን ይለውጥላታል ላልሽው፣ አንዱን ብቻ ላንሣ። ልጅሽ የትምህርት ክፍያ ቅናሽ አላት? ካላት ወረቀቱን አስወጪና አንብቢው። አንዳንድ ትምህርት ቤት "ነጥብሽ ከዚህ በታች ከወረደ ይቋረጣል" የሚል ሁኔታ ያስገባበታል። የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ውጤት ደግሞ ብዙ ጊዜ በክፍሉ ተማሪዎች ንጽጽር ነው የሚሰጠው፤ ሁሉም ቢጎብዝ እንኳ የሚወርድ አለ። ትምህርት ቤቶቹ ስንት ተማሪ ቅናሹን እንደተቀማ በየዓመቱ ይፋ የማድረግ ግዴታ አለባቸው። ይህን አሠራር ለማስቀረት ወይም ለማቆየት ከማንም በላይ ድምፅ ያለው ዲኑ ነው። የቀድሞ ተማሪ በር እያንኳኳ ለቅናሹ የሚሆን ገንዘብ የሚለምነውም እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የዲን ግማሽ ሥራ ልመና ነው፤ በወግ የሆነ ልመና።

ሌላው የጥብቅና ፈተናው ነው። እዚያ አገር አንድ የሕግ ትምህርት ቤት ዕውቅናው እንዳይነካበት፣ ፈተናውን ከተቀመጡት ምሩቃን ቢያንስ 75 በመቶው በሁለት ዓመት ውስጥ ማለፍ አለባቸው። ዕጩዎቹ ግቢውን ሊያዩ ሲመጡ ከተማሪዎች ጋር መቀመጣቸው አይቀርም። ያኔ ልጅሽ ሁለት ነገር ትጠይቅ። በሁኔታ የታሰረውን ቅናሽ ምን ታደርጉታላችሁ? በመጀመሪያው ሙከራ የወደቀ ምሩቅን ትምህርት ቤቱ እንዴት ይረዳዋል? ፕሮፌሰሮቹ ስለ ምርምር ይጠይቃሉ፤ ይህን የሚያነሣው ተማሪ ነው። እሷ ተመርቃ ብትሄድም ዲፕሎማዋ ላይ ያለው ስም የዚያ ትምህርት ቤት ነው። ስምሽን ለማንም አልነገርኩም፤ አንቺም ስለ ኮሚቴው ለማንም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የሕግ መምህርት ነኝ። ፕሬዚዳንቱ ቢሯቸው ጠርተው "ለጥቂት ወራት ተጠባባቂ ዲን ሁኚልን" አሉኝ። የዶክትሬት ጽሑፌ ሁለት ምዕራፍ ይቀረዋል። እምቢ ብል ይቀየሙኛል፣ እሺ ብል ጽሑፉ ይቆማል። ምን ይመክሩኛል?
መንታ መንገድ ላይ ያለች

መልስ፦ እህትዓለም፣ "ለጥቂት ወራት" የሚባል ተጠባባቂነት አላየሁም። እኔም በዚሁ ቃል ነበር የገባሁት። ተተኪው ሲመጣ ስገባ አንደኛ ዓመት የነበሩት ልጆች ወንበሬ ላይ ቁጭ ብለው ስለ መመረቂያ ጽሑፋቸው ያወሩኝ ነበር። ተጠባባቂ ዲን ለግቢው ይመቻል፤ ቢሮው ባዶ አይሆንም፣ ፍለጋውም አያስቸኩልም። ለአንቺ ግን አይመችም። ተጠባባቂ ነሽና ከባድ ውሳኔ ስትወስኚ "ቆይ ዋናው ይምጣ" ይሉሻል። ሳትወስኚ ስትቀሪ ደግሞ "ሴት ስለሆነች ፈራች" ይሉሻል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

ወንበሩን በቋሚነት ትፈልጊዋለሽ? መጀመሪያ ይህን ለራስሽ መልሺ። ከፈለግሽው፣ ተጠባባቂ የሆነ ሰው መወዳደር ይችል እንደሆን ሌጂስሌሽኑን እዪ። ተጠባባቂ ሆነሽ መቆየትሽ "ሞክራ አየናት" እንዳይባልብሽ ማስታወቂያው የሚወጣበት ቀን አሁኑኑ ይታወቅ።

ካልፈለግሽው ጽሑፍሽን ጨርሺ። ሁለት ምዕራፍ የቀረው ዶክትሬት እንደ ቀላል አይታይ፤ በሁለት ምዕራፍ የቀሩ ስንት ሰዎች አውቃለሁ፣ ዛሬም ሁለት ምዕራፍ ነው የቀራቸው። አሁን ያልሆነው ዲንነት ደግሞ ዶክተር ሆነሽ ሲመጣ የማዕረግ ነጥቡም ይጨምርልሻል።

እምቢታውን በቃል አታድርጊው፤ በቃል ሲሆን ያባብሉሻል። በትሕትና ጻፊ። ከፈለግሽ ይህን ውሰጂ፦ "ክቡር ፕሬዚዳንት፣ ስላመኑብኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የዶክትሬት ጽሑፌን የማስረክብበት ጊዜ ስለደረሰ ኃላፊነቱን አሁን ብቀበል ትምህርት ቤቱንም ጥናቴንም እበድላለሁ። ሆኖም የማብቂያው ቀን በደብዳቤው ላይ ተጽፎ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የማስተማር ጫናዬ ተነሥቶልኝ፣ በጀትና ሰው ላይ የመፈረም ሥልጣን ከተሰጠኝ እስከ ሰኔ መጨረሻ ለማገልገል ዝግጁ ነኝ።" ወይ ሦስቱን ይሰጡሻል፣ ወይ ሌላ ሰው ይጠራሉ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት አስገቢና ቁጥር የተመታበትን ቅጂ ለራስሽ አስቀሪ።